የባሕር ምርምር ተቋም ውስጥ ለመርከብ መሐንዲስ ቦታ አለ?

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር በሚገኘው የማሪታይም ማሰልጠኛ ተቋም በመርከብ መሐንዲስነት ሠልጥኜ ሰባት ዓመት በንግድ መርከቦች ላይ ሠርቻለሁ። የመጨረሻው ደረጃዬ ሦስተኛ መሐንዲስ ነበር። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር በቋሚ ነዋሪነት ማሳቹሴትስ እኖራለሁ፤ የምሠራው መጋዘን ውስጥ ነው። ከከተማችን ብዙም ሳይርቅ ዉድስ ሆል የሚባል የታወቀ የውቅያኖስ ምርምር ተቋም እንዳለ ሰምቼ ስለ ኃላፊዎቹና ስለ ሠራተኞቹ የተጻፈውን አነበብኩ። ከላይ ያሉት በሙሉ ዶክተሮች ናቸው፤ ከታች ‹ድጋፍ ሰጪ› የተባሉ ተዘርዝረዋል። እኔ ዶክተር አይደለሁም፤ ድጋፍ ሰጪ ተብዬ ወረቀት ማመላለስም አልፈልግም። በውቅያኖስ ሳይንስ ማስተርስ ብማር ይሻላል? ወይስ በቀጥታ ለዳይሬክተሩ ደብዳቤ ልጻፍ? ለመሆኑ እንደ እኔ ላለ ሰው እዚያ ሥራ አለ?»

ምላሽ፦ ሥራው አለ። ማስተርሱን አይጀምሩ፤ ለዳይሬክተሩም አይጻፉ። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን ያነበቡትን ዝርዝር መልሰን ማንበብ ይኖርብናል፤ ጥያቄዎ የተጣመመው እዚያው ላይ ነውና። እኔ ራሴ እንዲህ ባለ ተቋም የመርከብ ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ሠራሁ እንጂ ሳይንቲስት አይደለሁም፤ ስሜም ሁልጊዜ የሚገኘው ከዝርዝሩ ግርጌ ነበር።

«ድጋፍ ሰጪ» የሚለውን ቃል የተረዱት በአገር ቤት ትርጉሙ ነው። መሥሪያ ቤቶቻችን በመሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ ጊዜ «ዋና» እና «ደጋፊ» ተብለው ሲከፈሉ ደጋፊው ወገን መዝገብ ቤቱ፣ ግዥው፣ ሾፌሩና ጥበቃው ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቃሉ በጆሯችን «ባይኖርም ይቻላል» የሚል ድምፅ ይዞ ቀርቷል። ዉድስ ሆል ውስጥ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ሰው ይሠራል፤ በራሱ ስም ጥናት የሚመራው ሳይንቲስት ከዚህ ውስጥ አነስተኛው ክፍል ነው። የቀረው ካፒቴን፣ የሞተር ክፍል ሠራተኛ፣ የገመድና የክሬን ባለሙያ፣ በያጅ፣ ኤሌክትሪሻን፣ ጠላቂ፣ ወጥ ቤት፣ መሣሪያ ሠሪና የውል አስተዳዳሪ ነው። ወረቀት የሚያመላልሱም አሉ፤ ወረቀቱ ምን እንደሆነ ግን ልንገርዎ። የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት አንድ የምርምር መርከብ በሌላ አገር የባሕር ክልል ለመሥራት ሲያስብ ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት ለዚያ አገር ዝርዝር መረጃ እንዲያቀርብ ያዛል። ያንን ማመልከቻ የምትከታተለው ሠራተኛ አንዲት ቀን ብትዘናጋ ሃያ ምናምን ሳይንቲስት መሣሪያውን ጭኖ ወደብ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። በእኔ ጊዜ አንድ ጉዞ እንዲህ ሊከሽፍ ጫፍ ደርሶ አይቻለሁ። ያን ሳምንት የሕንጻው ሰው ሁሉ በሯ ላይ ተሰልፎ ነበር፤ ዳይሬክተሩም ከተሰላፊዎቹ አንዱ ነበሩ።

ወደ ላይኞቹ እንምጣ። ዉድስ ሆል የተቋቋመው በ1930 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ልጥቀስ)፤ መነሻ ገንዘቡ ከሮክፌለር ፋውንዴሽን የተገኘ ነው። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሄንሪ ቢጌሎ የሥነ እንስሳት ምሁርና የሃርቫርድ መምህር ነበሩ፤ ተቋሙም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዋናነት በበጋ ነፍስ የሚዘራ ቦታ ነበር። መርከቡ አትላንቲስ ኮፐንሃገን ውስጥ ተሠርቶ ሲያልቅ በ1931 አትላንቲክን አሻግሮ ያመጣው ካፒቴን ኮሎምበስ አይስሊን ይባላል፤ እኚሁ ካፒቴን በ1940 ቢጌሎን ተክተው ዳይሬክተር ሆኑ። ከመሪው ጎማ እስከ ዳይሬክተሩ ወንበር ማለት ነው። ይህን ታሪክ ለጀማሪዎች ሲነግሩ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ፦ አይስሊን ከኒው ዮርክ ባለጸጋ የባንክ ቤተሰብ የተወለዱ፣ ሃርቫርድ የተማሩ የቢጌሎ ደቀ መዝሙር ነበሩ። ስለዚህ ለእኔና ለእርስዎ ምሳሌ ሊሆኑ አይችሉም።

ምሳሌ ከፈለጉ አልፍሬድ ዉድኮክን ይውሰዱ። ዲግሪ አልነበረውም፤ የእርሻ ሠራተኛ የነበረ ወጣት ሲሆን በ1931 አትላንቲስ ላይ በተራ መርከበኛነት ተቀጠረ። ከመርከቡ ወለል ላይ ሆኖ የባሕር ወፎች ክንፋቸውን ሳያራግቡ የሚንሳፈፉት መቼ እንደሆነ መመዝገብ ጀመረ፤ ውኃው ከአየሩ ሲሞቅ ይንሳፈፋሉ፣ ሳይሞቅ ሲቀር እያራገቡ ይበራሉ። ከዚህ ተነሥቶ ከባሕሩ ወለል ሞቃት አየር እንዴት እንደሚነሣና ምን ቅርጽ እንደሚይዝ አሳየ፤ ኋላም ከባሕር ወደ አየር በሚረጨው የጨው ብናኝ ላይ ስመ ጥር ተመራማሪ ሆነ። ያ በር ግን ዛሬ ተዘግቷል፤ ያለ ዶክትሬት ሳይንቲስት ተብሎ የሚቀጠር የለም። ታሪኩን ያነሣሁት መርከብ ላይ ያለ ሰው ከሳይንቲስቱ ቀድሞ ሊያይ የሚችለው ነገር እንዳለ ለማሳየት ነው፤ ያ ዛሬም አልተለወጠም።

የዛሬ መሪዎች ሥራ ሌላ ነው። በ2008 ተቋሙን ለመምራት የመጀመሪያዋ ሴት የሆኑትና እስከ 2015 የመሩት ሱዛን ኤቨሪ የከባቢ አየር ሳይንቲስት ናቸው፤ ከ2020 ጀምሮ የሚመሩት ፒተር ደ ሜኖካል የጥንት አየር ንብረት ተመራማሪ ናቸው። ሁለቱም ትልልቅ ምሁራን ናቸው፤ የዳይሬክተር የዕለት ሥራ ግን ከባለአደራ ቦርዱ ጋር መነጋገር፣ ገንዘብ ማፈላለግ፣ ከመንግሥት ጋር መሟገት ነው። ከዳይሬክተሩ ሥር አምስት የምርምር ክፍሎች አሉ፤ ከእነዚያ ውጭ የመርከብና የወደብ ሥራውን የሚመራ ራሱን የቻለ ክፍል አለ። የሞተር ክፍል ሠራተኛ የሚቀጠረው እዚያ ነው። ለዳይሬክተሩ የሚጻፍ ደብዳቤ ቢበዛ በትሕትና «ለሚመለከተው ክፍል ተላልፏል» የሚል መልስ ያገኛል፤ ያም የሚሆነው ጸሐፊዋ ደግ ከሆነች ነው። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። በ1960ዎቹ የዚሁ ተቋም ሁለተኛዋ አትላንቲስ ቀይ ባሕር መካከል፣ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ፣ በብረታ ብረት የበለጸገ ትኩስ ጨዋማ ውኃ የተኛበትን ገደል መረመረች፤ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ በላይ ነበር። ያ ገደል ዛሬም በካርታ ላይ የሚጠራው በመርከቧ ስም ነው። የዚያን ጊዜው ዳይሬክተር ማን እንደነበሩ ከመቶ የባሕር ሰው አንዱ ቢያስታውስ ይገርመኛል።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ካልገባዎት የሥራ ዋስትናዎን መገመት አይችሉም፤ ስለዚህ ታገሡኝ። እንዲህ ባሉ የግል ተቋማት አብዛኛው ሳይንቲስት ደመወዙን የሚሸፍነው ራሱ ጽፎ ባመጣው የምርምር ድጎማ ነው፤ ዋናዎቹ ሰጪዎች የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽንና ባሕር ኃይሉ ናቸው። ከእያንዳንዱ ድጎማ ላይ «ተዘዋዋሪ ወጪ» ተብሎ የሚታሰብ አለ፤ ሕንጻው፣ መብራቱ፣ ሒሳብ ክፍሉና ብዙው የየብስ ድጋፍ ሠራተኛ የሚኖረው ከእርሱ ነው። በ2025 ፋውንዴሽኑ ይህ ክፍያ ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በ15 በመቶ እንዲገደብ ወስኖ ፍርድ ቤት ሽሮታል፤ ክርክሩ ብቻውን ብዙ ቦታ ቅጥር እንዲቀዘቅዝ ምክንያት ሆኗል። የመርከቡ በጀት ግን ለብቻው ነው። አትላንቲስ የምትባለው የዛሬዋ መርከብና ኒል አርምስትሮንግ የምትባለው ሌላዋ መርከብ ሁለቱም የባሕር ኃይሉ ንብረት ናቸው፤ ተቋሙ ያንቀሳቅሳቸዋል። አንድ የባሕር ቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል፤ የየዓመቱ የጉዞ መርሐ ግብርም ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በጋራ አስቀድሞ ይወሰናል። መርሐ ግብሩ የተሞላ ዓመት መርከበኛ ይፈለጋል፤ መርከቡ ለረጅም ጥገና የሚገባበት ዓመት ደግሞ ብዙ ሰው ቤቱ ይቀመጣል። ሥራ ሲያመለክቱ መጀመሪያ የሚያዩት ያንን መርሐ ግብር ይሁን።

መርከቡ ላይ ያለው የሥልጣን አሰላለፍ ደግሞ በጽሑፉ ላይ ካዩት ጋር አይመሳሰልም። የጉዞው ዋና ሳይንቲስት የት እንደሚሄድና ምን እንደሚለካ ይወስናል። ይሄዳል አይሄድም፣ ይወርዳል አይወርድም የሚለው ግን የካፒቴኑ ነው፤ የኖቤል ሽልማት የተሸለመ ቢሆን እንኳ ካፒቴኑን ሊሽር አይችልም። አንድ ምሳሌ ከቅርብ ላሳይዎት። ሲቲዲ የሚባለው የውኃውን ሙቀት፣ ጨዋማነትና ጥልቀት የሚለካ መሣሪያ ነው፤ ዙሪያውን 24 የውኃ መቅጃ ጠርሙሶች ተደርድረውበት አንድ ሰው ከእነ ቁመቱ የሚያህል ክብ ቀፎ ይሆናል። የተንጠለጠለው 8 ሚሊሜትር በሆነ፣ ውስጡ የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት የብረት ገመድ ላይ ነው። በደቂቃ 60 ሜትር ይወርዳል፤ 4,000 ሜትር ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ ሲወጣ በየጥልቀቱ እየቆመ ውኃ ስለሚቀዳ ከዚያም በላይ። ገመዱን የሚጠቀልለውን ማሽን፣ ዊንቹን፣ የያዘው ሰው ዓይኑን ከክብደት መለኪያው ላይ አያነሣም። ማዕበሉ መርከቡን ድንገት ዝቅ ሲያደርገው ገመዱ ይላላል፤ ከላላ ይጠመዘዛል፤ የተጠመዘዘ ገመድ በሚቀጥለው ማዕበል ሲወጠር ይበጠሳል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሳይንቲስቱ ሦስት ዓመት ሙሉ የድጎማ ማመልከቻ ሲጽፍለት የኖረው ናሙና ሊሞላ ሁለት ጠርሙስ ሲቀረው፣ «በቃ፣ አውጡ» የሚለው ይህ ሰው ነው። ማንም አይከራከረውም። በማግስቱ ቁርስ ላይ ሊያኮርፉት ይችላሉ።

ገመድ ሲበጠስ ምን እንደሚሆን የዚያው ተቋም ሰዎች ከማንም በላይ ያውቃሉ። አልቪን የተባለችው ሦስት ሰው የምትይዝ የጥልቅ ባሕር ሰርጓጅ ሥራ የጀመረችው በ1964 ነው። ኦክቶበር 16 ቀን 1968 ወደ ውኃ ስትወርድ ማንጠልጠያ ገመዶቿ ተበጠሱ፤ መክደኛዋ ገና አልተዘጋም ነበር። ሦስቱ ሰዎች እየሞላች ካለች ብረት ውስጥ ዘለው ወጡ፤ እርሷ ግን 1,500 ሜትር ገደማ ሰጠመች። በቀጣዩ ዓመት ስትወጣ ውስጧ የተረሳው ምሳ፣ ሳንድዊቹ፣ ፖሙና ሾርባው፣ ከመራሱ በቀር ሳይበላሽ ተገኘ፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲያስቀምጡት ግን በሳምንታት ውስጥ ሸተተ። በጥልቅ ባሕር ባክቴሪያ ምን ያህል ቀስ ብሎ እንደሚሠራ ለማጥናት አንዱ መነሻ ይህ ምሳ ሆነ። ለእርስዎ የሚጠቅመው ግን ሌላው ነገር ነው፦ አልቪንን የሚያሽከረክሩት ሰዎች በአብዛኛው ከመካኒክነት፣ ከኤሌክትሪክና ከምህንድስና ሥራ የመጡ ናቸው። ወደብ ላይ በገዛ እጃቸው ፈትተው የገጠሟትን መኪና ነው ባሕር ወለል ላይ የሚነዱት። ያንን ቦታ ዛሬ አይመኙት፤ መኖሩን ግን ይወቁ።

የእርስዎ ሙያ የሚገባበት ቦታ ሞተር ክፍሉ ነው፤ ይሁን እንጂ እንደ ንግድ መርከብ አይጠብቁት። የለመዱት ትልቁ ሞተር በቀጥታ ፕሮፔለሩን የሚያዞርበት፣ ከወደብ ወደብ በአንድ ፍጥነት የሚኬድበት ነው። የምርምር መርከብ ግን ዲዝል ኤሌክትሪክ ነው፦ ጀኔሬተሮቹ መብራት ያመነጫሉ፣ መብራቱ ሞተሮቹን ያዞራል፣ ኮምፒውተር ደግሞ መርከቡን በአንድ ነጥብ ላይ ሳይንቀሳቀስ ለሰዓታት ያቆያል። ባሕር ዳር በኤሌክትሮ ቴክኒክ የሠለጠኑ ባልደረቦች ካሉዎት ይህን መልስ ያሳዩአቸው፤ ከእርስዎ ይልቅ እነርሱ ይፈለጋሉ። በንግድ መርከብ ማንም የማይጠይቀው አንድ ነገር ደግሞ እዚህ ዋና ነው፤ ድምፅ። አንድ ጊዜ የባሕሩን ወለል በድምፅ ሞገድ ካርታ ስንሠራ ምስሉ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለ መስመር እየታየ ሁለት ቀን አስቸገረ። ሳይንቲስቶቹ ፕሮግራሙን ወነጀሉ፣ ቴክኒሻኖቹ ሽቦውን። በሦስተኛው ሌሊት የሞተር ክፍሉ የመጨረሻ ደረጃ ሠራተኛ ዙሪያውን ሲቃኝ አንዲት ትንሽ ፓምፕ ከጎማ መቀመጫዋ ተንሸራታ ብረቷ ከመርከቡ ጎን ጋር እንደተነካካ አየ። ቡሎኑን ፈታ፣ አስተካከለ፣ አጠበቀ፤ መስመሩ ጠፋ። ስሙ በጥናቱ ላይ በምስጋና ተጠቅሷል፤ እርሱ ግን ያየው አይመስለኝም።

አሁን ሕጉ፣ ማለትም ትልቁ ገደብዎ። በአሜሪካ መርከብ ላይ ካፒቴን፣ ዋና መሐንዲስ ወይም ተረኛ መኮንን ለመሆን ዜግነት ግዴታ ነው። ስለዚህ በቋሚ ነዋሪነትዎ ሦስተኛ መሐንዲስ ሆነው አይቀጠሩም፤ የአገር ቤቱ የብቃት ማረጋገጫዎም በቀጥታ ወደ አሜሪካው አይለወጥም። ከመኮንን በታች ባለው ደረጃ ግን ሕጉ ቋሚ ነዋሪዎችን ይፈቅዳል፤ ቁጥራቸው ከዚያ ደረጃ ሠራተኞች ከሩብ እንዳይበልጥ ብቻ ይገድባል። አንዳንድ የሥራ ማስታወቂያ ከዚህ ጠብቆ ዜግነት ሊጠይቅ ስለሚችል እያንዳንዱን ማንበብ አለብዎት። የሚያስፈልግዎት ከአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ የሚሰጠው የመርከበኛ መታወቂያ ነው። ለእርሱ የወደብ ደህንነት ካርድ፣ የሕክምና ምስክር ወረቀትና የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ይጠየቃል። የመጀመሪያው ደረጃ፣ ዋይፐር የሚባለው የሞተር ክፍል ጽዳት ሠራተኛ፣ የባሕር አገልግሎት አይጠይቅም። ቀጥሎ ያለው፣ ኦይለርን (የሞተሮቹን ዘይት የሚከታተለውን ሠራተኛ) የሚያካትተው፣ የስድስት ወር የሞተር ክፍል አገልግሎትና ፈተና ይጠይቃል፤ በውጭ አገር መርከብ ያገለገሉበት ጊዜ ተገምግሞ ሊቆጠርልዎት ይችላል። እንዲቆጠር ግን ከእያንዳንዱ አሠሪ የመርከቡ ስም፣ ቶን፣ የሞተሩ ዓይነትና ኪሎዋት፣ የእርስዎ ደረጃ፣ የተሳፈሩበትና የወረዱበት ቀን የተጻፈበት ማኅተም ያለው ደብዳቤ ያስፈልጋል። ይህንን ዛሬ መጠየቅ ይጀምሩ። ከአገር ቤት ደብዳቤ እስኪመጣ ስንት ወር እንደሚፈጅ እኔ አልነግርዎትም።

ደረጃ መውረዱ ያምማል፤ አውቀዋለሁ። ትናንት ያዝዙት የነበረውን ሥራ ዛሬ ራስዎ በጨርቅ ይጠርጋሉ፣ ከእርስዎ በዕድሜ የሚያንስ መሐንዲስ «ይህን ቫልቭ እንዲህ አዙር» ይልዎታል። ሰባት ዓመት የቆየ እጅ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ይታወቃል፤ ዋና መሐንዲሱ የሌሊቱን ችግር ለማን እንደሚነግር ያውቃል። የዜግነት ጊዜዎ ሲደርስ ለመኮንንነት የሚያስፈልግዎት የአሜሪካ መርከብ አገልግሎት ከወዲሁ ተጠራቅሞ ይጠብቅዎታል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ወደ ውጭ አገር ባንዲራ የንግድ መርከብ ተመልሰው ስምንትና ዘጠኝ ወር ለመሥራት እንዳይፈተኑ፤ ደመወዙ ከመጋዘኑ ስለሚበልጥ ፈተናው መምጣቱ አይቀርም። ቋሚ ነዋሪ ከስድስት ወር በላይ በአንድ ጊዜ ከአገር ሲወጣ ለዜግነት የሚቆጠረው ተከታታይ ነዋሪነት ጥያቄ ውስጥ ይገባል፤ ከዓመት በላይ ከሆነ ይቋረጣል። በአንዳንድ የአሜሪካ መርከቦች ላይ የተሠራ ጊዜ ግን አገር ውስጥ እንደተኖረ የሚቆጠርበት የሕግ አንቀጽ አለ። ይህ በመርከቡ ባለቤትነትና ምዝገባ ስለሚወሰን ከመሳፈርዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የቤተ ክርስቲያን ወይም የቡና ላይ ምክር አይበቃም። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ አጭር ነው፦ ምርምር መርከብ ላይ አስቀጥራለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ሁሉ ሐሰተኛ ነው። ተቋማቱ የሚቀጥሩት ራሳቸው በሚያወጡት ማስታወቂያ ነው።

ማስተርሱን ለምን እንደከለከልኩ ሳይገባዎት አልቀረም። ሁለት ዓመትና ብዙ ዶላር ጨርሰው የሚያገኙት ዲግሪ ሳይንቲስት አያደርግዎትም፤ ለዚያ ዶክትሬት ያስፈልጋል፤ ዶክትሬቱም የሚያስገባዎት ከዚያ በላይ ገንዘብ ፍለጋ ውስጥ ነው። ለሞተር ክፍል ደግሞ ምንም አይጨምርልዎትም። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ማስተርስ ጀመሩ ተብሎ የሚጀመር ትምህርት «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ዓይነት ነው። መማር ካለብዎት በማኅበረሰብ ኮሌጅ የኤሌክትሮኒክስና የአውቶማቲክ ቁጥጥር ኮርስ ይውሰዱ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ መሣሪያ ወደሚያወርዱትና ወደሚጠግኑት የባሕር ቴክኒሻኖች ወገን ለመሻገር ቢያስቡ በሩን የሚከፍተው እርሱ ነው።

ከባለቤትዎ ጋርም ሳይመክሩ አይግቡበት። ጉዞው ሁለት ሦስት ወር ይወስዳል፤ ልጁ ታሞ ሆስፒታል ሲገባ እርስዎ መካከለኛው አትላንቲክ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሄሊኮፕተር አይላክም። መርከቡ ላይ መጠጥ የለም። ክፍያው ከዘይት ጫኝ መርከብ ያንሳል። ቤተሰቡ ይህን የማይችል ከሆነ የየብሱን ወገን ይሞክሩ፦ የወደቡ ወርክሾፕ፣ የዊንችና የሃይድሮሊክ ጥገና፣ የሰርጓጅ መሣሪያዎች መገጣጠሚያ። እዚያ የሥራ መደቡ ያነሰ፣ አመልካቹ የበዛ ነው፤ ማታ ግን ቤትዎ ይገባሉ። የእኔ ምክር ልጁ ትምህርት ቤት እስኪገባ ባሕሩን፣ ከዚያ በኋላ የብሱን ነው፤ መርከብ ላይ ያልሠራ ሰው ወርክሾፑ ውስጥ ከሁሉ በኋላ ነው የሚታየው።

በቋሚነት ከሚቀጠሩበት ይልቅ በተተኪነት ለመግባት ይቀልልዎታል። አንድ ኦይለር ሲታመም ወይም ፈቃድ ሲወጣ መርከቡ ሰው ጎድሎበት ከወደብ መውጣት ስለማይችል የሠራተኛ ምደባ ክፍሉ በእጁ ያለውን የስም ዝርዝር አውጥቶ ይደውላል። ማመልከቻዎን ለዚያ ክፍል፣ ዉድስ ሆል ብቻ ሳይሆን የምርምር መርከብ ለሚያንቀሳቅሱ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ይላኩ። ስለ ውቅያኖስ ያለዎትን ፍቅር አይጻፉ፤ ሁሉም ይጽፈዋል። በመጀመሪያው መስመር መታወቂያዎ የሚያበቃበትን ቀን፣ በሁለተኛው የሠሩባቸውን ጀኔሬተሮች ስምና ቮልቴጅ፣ በሦስተኛው «በ48 ሰዓት ውስጥ መሳፈር እችላለሁ» ብለው ይጻፉ። ስልክዎንም ሌሊት አያጥፉት።